የሦስተኛው ወፍጮ ነጭ መስመር

ወንድሜ የሞተው መንገዱ ከመከፈቱ በፊት ነው። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው። ወደ ኋላ ካቆየሁት እጄ ይያዝብኛል፤ ሞክሬ አይቼዋለሁ።

ከመርሳ ወደ ውርጌሳ በሚወስደው አስፋልት ዳር የገበሬዎች ማኅበር ወፍጮ ቤት አለ። በመብራት የሚሠሩ ሦስት ወፍጮዎችና አንድ የዘር ማበጠሪያ አሉት። ወንድሜ የዚያ ቤት መካኒክ ነበር። ሰው መካኒክ ሲል የተሰበረ የሚጠግን ማለቱ ነው። ወንድሜ ግን ያልተሰበረውን ነበር አብዝቶ የሚነካው። በዚህም ብዙ ተወቅሷል።

ሐሙስ ሐሙስ ከአስር ሶላት በኋላ ሦስቱንም ወፍጮዎች ያቆማል። ማሽላ አስጭነው ከገጠር የመጡ ሴቶች ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ይንጫጫሉ።

«ደህናውን ማሽን ምን ሆነ ብለህ ነው የምታቆመው?» ትለዋለች አንዷ።

«ውዱእ እያደረገ ነው። ነገ ጁምዓ አይደል እንዴ?» ይላታል ካቻቢቴውን ከኪሱ እያወጣ።

«አሁንስ ይኸ ማሽን ካንተ የበለጠ ሰጋጅ ሆነ!»

ይስቃሉ። እሱ ዱቄቱን ይጠርጋል፤ ዘንጉ ለሚሽከረከርባቸው ኩሽኔታዎች ግራሶ፣ ያንን ወፍራም ቅባት፣ ይሰጣል፤ ከሞተሩ ወደ ወፍጮው የሚዞረውን ቺንጋ በአውራ ጣቱ ተጭኖ መላላቱን ያያል። ሲጨርስ ወፍጮዎቹን አንድ በአንድ ያስነሳና የወይራ ዱላውን አንድ ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ ሌላውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ዓመት ሳይሞላ ሴቶቹ ለመዱት። ሐሙስ ከአስር በኋላ እህል ይዞ የሚመጣ ጠፋ። ነገሩንም «የሐሙሱ ውዱእ» ብሎ ሁሉም ቀለደበት፤ ግን ሁሉም ያከብረው ነበር።

ጦርነቱ እኛ ዘንድ ሲደርስ መጀመሪያ የጠፋው መብራት ነው። ከዚያ ስልክ። ከዚያ መንገዱ በላይም በታችም ተዘጋ። እናቶች ከዓመታት በፊት የጣሉትን የድንጋይ ወፍጮ ከጓሮ እያነሱ ማጠብ ጀመሩ። የምማርበትም ትምህርት ቤት ተዘጋ። ወፍጮ ቤቱ ጸጥ አለ።

ወንድሜ ግን ሐሙስ ሲሆን ቁልፉን ይዞ ይሄድ ነበር። አንድ ቀን አብሬው ሄድኩ። ሁለት እጁን ቺንጋው ላይ አድርጎ፣ እየጎተተ፣ የቆመውን ወፍጮ በጉልበቱ ሲያዞር አየሁት። ያዞራል፣ ያርፋል፣ ላቡን ይጠርጋል።

«ለምንድን ነው?» አልኩት።

«ቆሞ እንዳይቀር።»

ሌላ አልጠየቅኩትም። ብዙ ጊዜ ይህን አስባለሁ። አንድ ጥያቄ ብጨምር ኖሮ እላለሁ። አልጨመርኩም።

ወንድሜ ስኳር ነበረበት። መርፌውን ሰዓት ጠብቆ ነው የሚወጋው። ማቀዝቀዣ ሲጠፋ የመድኃኒቱን ብልቃጦች ገንቦ ውስጥ፣ እርጥብ አሸዋ መሃል ቀበራቸው። አሸዋውን ጠዋትና ማታ ውኃ እናጠጣው ነበር፣ እንደ ችግኝ። ብልቃጦቹ ግን እያነሱ ሄዱ። ወደ ወልድያም ወደ ደሴም መውጫ አልነበረም። መጨረሻ ላይ መጠኑን ግማሽ እያደረገ ይወጋ ነበር፤ ለማቆየት። ከዚያ ገንቦው ውስጥ አሸዋ ብቻ ቀረ። ማክሰኞ ከዙሁር በፊት ሞተ። ከአስር በፊት ቀበርነው። ጀናዛውን የተሸከምነው ጥቂት ነበርን።

በሦስተኛው ቀን ሐሙስ ሆነ። ለቅሶ የመጡት ሰዎች እንደተቀመጡ ተነሣሁና ቁልፉን ከግድግዳው አወረድኩ። እናቴ አየችኝ።

እያንዳንዱ ወፍጮ ቺንጋው የሚዞርበት ትልቅ ክብ ብረት አለው፤ ፑሊ እንለዋለን። ወንድሜ በሦስቱም ፑሊዎች ላይ፣ ከመሃል እስከ ጠርዝ፣ አንድ አንድ ነጭ መስመር ቀብቶ ነበር። የዚያን ቀን ገብቼ ሳይ ሦስቱም መስመሮች ወደ ታች፣ ወደ ወለሉ ያያሉ። አቅም አጥሮት ነው አልኩ። ሲያዞር፣ ሲያዞር፣ መስመሩን ወደ ላይ ሳያደርስ ደክሞት ትቶት ሄዷል አልኩ። መስመሩ ወደ ላይ መቆም አለበት ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ቀና ያለ ነገር ወደ ላይ የሚያይ ስለመሰለኝ ነው። ሰው ገብቶ አይቶ «መጨረሻ ላይ እጁ ዝሎ ነበር» እንዲል አልፈለግኩም።

ስለዚህ አቃናሁለት። ሦስቱንም።

ከዚያ ወዲህ ሐሙስ አላመለጠኝም። እያንዳንዱን ወፍጮ አንድ ሙሉ ዙር አዞርና መስመሩን ልክ አናቱ ላይ እመልሰዋለሁ። ጣት ያህል ካለፈ ወደ ኋላ እስበዋለሁ። አስፋልቱ ላይ ከባድ የጦር መኪናዎች ሲያልፉ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። እኔ መስመሩን እያየሁ እቆማለሁ። የወንድሜን ሥራ እየሠራሁ እንደሆነ አንድም ቀን አልተጠራጠርኩም።

በዚያው ሰሞን የማናውቃቸው ሰዎች ግቢው ውስጥ አድረው ነበር። ማሽኖቹን አልነኩም። የወንድሜ ደብተሮች ግን ለማገዶ ሄዱ። ምን ቀን ምን እንደቀየረ፣ የቱ ኩሽኔታ መቼ እንደገባ፣ ሁሉም እዚያ ላይ ነበር። የአንዱን ደብተር ሽፋን ግማሹ ተቃጥሎ ከጉልቻው ሥር አገኘሁት። አሁንም አለኝ።

መንገዱ ተከፈተ። ቆይቶ መብራት መጣ። ሌላ መካኒክ ስላልነበረ ሥራ አስኪያጁ «ለጊዜው አንተ ያዘው» አለኝ። ከትምህርት በኋላም ቅዳሜም እየሄድኩ ያዝኩት። ሐሙስ ከአስር በኋላ አቆማለሁ፤ እጠርጋለሁ፤ ግራሶ እሰጣለሁ፤ በወይራው ዱላ አዳምጣለሁ። ሦስተኛው ወፍጮ፣ ለአስፋልቱ የሚቀርበው፣ አንድ ድምፅ ነበረው። ጥርስ ሲፋጭ ያለ ዓይነት። መብራቱ ስላልተስተካከለ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

አንድ ቀን ሥራ አስኪያጁ ሰበሰበንና ከበላይ የመጣ ወረቀት አነበበልን። ከወልድያ መሐንዲስ ይመጣል፤ የየወፍጮ ቤቱ የጥገና አሠራር ምን ያህል እንደበሰለ ይመዝናል። ደረጃው አምስት ነው። ማሽን ሲሰበር ብቻ የሚነሣ ቤት አንደኛ ነው። ቀን ቆርጦ የሚያጸዳና ግራሶ የሚሰጥ ሁለተኛ ነው። ይህንኑ በጽሑፍ ይዞ፣ መለዋወጫ አዘጋጅቶ፣ ማንም ሰው ቢለወጥ የሚቀጥል ሦስተኛ። ብልሽቱን ከመምጣቱ በፊት በድምፅም በሙቀትም የሚያውቅ አራተኛ። አምስተኛውን አነበበው፤ ሁላችንም ሳቅን፤ እንደ ጀነት ሩቅ ነበር።

«አንደኛ ላይ የተገኘ ቤት» አለ ወረቀቱን ዝቅ አድርጎ፣ «ማሽኖቹ ተነቅለው ወልድያ ይሄዳሉ። ተጠንቅቀው ለሚይዙ ይሰጣሉ ነው የሚለው።»

ሰዎቹ የተጨነቁት ስለ ወፍጮው ነው። እኔም እንደነሱ ተጨነቅኩ፤ እናቴ ድንጋይ ላይ ስትፈጭ ያየሁት ሩቅ አይደለም። ግን ሌላም ነገር ነበር። መሐንዲሱ «አንደኛ» ብሎ ከጻፈ፣ ወንድሜ ሲሰበር ብቻ የሚነሣ ሰው ነበር ብሎ መጻፉ ነው። ደብተሮቹ የሉም። የሚከራከርለት ወረቀት የለውም። እኔ አለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ።

መሐንዲሱ በባጃጅ መጣ። መጣች ልበል፤ ሴት ናት፣ ከእኔ ብዙም የማትበልጥ። ዘበኛችን የሀብሩ ገጠር ሰው ናቸው፤ ሁላችንም አባ እንላቸዋለን። በሩን ከፍተው ባጃጁን ጎንበስ ብለው አዩት።

«መሐንዲሱስ?»

«እኔ ነኝ፣ አባባ።»

«አንቺ? ይሁን። ዱቄት እንዳያቆሽሽሽ ብቻ።»

«ዱቄት ለብሼ ነው ያደግኩት። እናቴ ወፍጮ ቤት ይሠሩ ነበር።»

«እሱን ቀድመሽ አትናገሪም!» አሉና በሩን ወለል አደረጉት።

ቢሮ ገባን። የጥገና መዝገብ ጠየቀች። ሥራ አስኪያጁ ተቃጥሏል አላት። የሥራ ፕሮግራም ጠየቀች። እሱም ተቃጥሏል።

«የሄድኩበት ሁሉ ተቃጥሏል ነው የሚሉኝ» አለች። በቁጣ አልነበረም። «እውነት ይሆናል። ግን ያላየሁትን ምን ብዬ ልጻፍ?» መጀመሪያው መስመር ላይ በእርሳሷ «አንደኛ» ብላ ጻፈች።

«መዝገቡ ሌላ ቦታ አለ» አልኩ።

ሥራ አስኪያጁ ዞሮ አየኝ። እሷ እርሳሷን አነሣች። ወደ ውጭ፣ ሴቶቹ ተራ ወደሚጠብቁበት ወሰድኳት። «አንድ በአንድ ይጠይቋቸው። እህል ይዘው የማይመጡበት ቀን የትኛው እንደሆነ።»

ጠየቀች። የመጀመሪያዋ «ሐሙስ ከአስር ወዲያ» አለቻት። ሁለተኛዋም እንደዚያው። ሦስተኛዋን ራቅ አድርጋ ጠየቀቻት፤ ያው ነው።

«ለምን?»

«ውዱእ ነዋ!» አለችና ሴትዮዋ ሳቀች። መሐንዲሷ ግራ ሲገባት ሴቶቹ ተሰብስበው አስረዷት። አንዱን አንዷ እየነጠቀች። ይጠርጋል፣ ይቀባል፣ ያንን ዱላ ጆሮው ላይ ያደርጋል።

«ደሞ ይናገር ነበር» አለች አንዷ። «‹ይቺ ሁለተኛዋ ሳምንት አትደርስም› ይላል። ኩሽኔታዋን ይለውጥላታል። እኛ እንሰድበዋለን፣ ደህናዋን ነካካት ብለን። ወላሂ ስንቱን ሰደብነው። አላህ ይዘንለት።»

መሐንዲሷ መጀመሪያ የጻፈችውን በላጲስ አጠፋች። አየኋት። ያኔ ብትሄድ ኖሮ ነገሩ እዚያ ያበቃ ነበር። እኔም ደስ ብሎኝ እቤቴ እገባ ነበር።

አልሄደችም። ማሽኖቹን ልስማቸው አለች። ከቦርሳዋ ትንሽ መሣሪያ አውጥታ እያንዳንዱ ላይ አሳረፈች። አንደኛው ደህና። ሁለተኛው ደህና። ሦስተኛው ላይ ቆየች። ከዚያ መሣሪያዋን አስቀመጠችና የወንድሜን ዱላ ጠየቀችኝ። አዳመጠች። መብራት አስጠፍታ የኩሽኔታውን ክዳን አስከፈተችኝ፤ ግራሶውን በጨርቅ ጠርጋ በባትሪ አበራችበት።

«ና እይ» አለችኝ።

ብረቱ ላይ፣ እኩል እኩል ተራርቀው፣ ትናንሽ ምልክቶች ነበሩ። በጥርስ የተነከሰ ይመስላሉ።

«ይኸ ከሥራ የመጣ አይደለም። ቆሞ ሳለ የመጣ ነው። ክብደቱ ለብዙ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ አርፏል፤ ከሥሩ ደግሞ ወለሉ ከመኪናው ጋር ይንቀጠቀጣል። መብራት ጠፍቶ በነበረ ጊዜ የሚያዞረው አልነበረም?»

«ነበር እንጂ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ሟቹ ያዞረው ነበር። እንግዲህ እሱም ታሞ ነው፤ ቢሳሳት አይፈረድበትም።»

በደግነት ነው የተናገረው። አውቃለሁ። ግን መሐንዲሷ ልትጽፍ ወረቀቷን ስትገልጥ አየሁ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። ዝም ብል ወንድሜ ስህተቱን ይዞ ይቀመጣል፤ እሱ ደግሞ መልስ አይሰጥም።

«እሱ አይደለም» አልኩ። «እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ሐሙሱን። ወደ ታች ያዩ የነበሩትን መስመሮች። ደክሞት ነው ብዬ እንዳቃናኋቸው። ሙሉ ዙር እያዞርኩ እዚያው እንደመለስኳቸው። እየተናገርኩ ሳለ እንዴት እንደሆነ ገባኝ። ማዞሩንስ አዙሬዋለሁ። ግን ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነበር የማሳርፈው።

ከበሩ በኩል አባ ተናገሩ። መቼ እንደመጡ አላየሁም።

«ለዚህ ነዋ!» አሉ። «ልጄ፣ ያን ጊዜ ስልክ የለ፣ ቀኑ ሁሉ ተምታቶብን ነበር። እኔ ወሩን የምቆጥረው በዚያ መስመር ነበር። አንድ ሐሙስ ወደ ላይ ያያል። በሚቀጥለው ወደ አስፋልቱ። ከዚያ ወደ ታች። ከዚያ ወደ ግድግዳው። ዞሮ ሲመለስ አራት ጁምዓ አለፈ እላለሁ። ምን ይሠራልሃል ብዬ ስቄበት ነበር። ‹አባ፣ በሽተኛ ባንድ ጎኑ ብቻ ሲተኛ ይቆስላል፤ እያገላበጥኩት ነው› አለኝ።»

ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ከያዝከው ወዲህ ወሩ ቆመብኝ። ሁልጊዜ ወደ ላይ። ልነግርህ አስቤ ነበር። ሐዘንተኛ ነው ብዬ ተውኩት። ደሞ የተማረ ነው፣ የሚያውቀው ይኖራል ብዬ።»

መሐንዲሷ ነጩን መስመር በጣቷ ተከተለችው። «አንድ ዙር ከሩብ» አለች ቀስ ብላ። «እንደዚያ ነው የሚባለው። በየጊዜው አዙሮ በሌላ ጎኑ ማሳረፍ። ማን አስተማረው?»

አላውቅም አልኩ። ዛሬም አላውቅም።

ቢሮ ተመልሰን ውጤቱን ነገረችን። ሁለተኛ ደረጃ። ማሽኖቹ አይነቀሉም፤ ሦስተኛው ወፍጮ ኩሽኔታው እስኪመጣ ይቆማል። ሥራ አስኪያጁ እፎይ አለ። እኔ ግን ቁጭ ማለት አቃተኝ።

«ለምን ሦስተኛ አይሆንም?» አልኳት። «የሰማሽውን— የሰሙትን ሰምተዋል። ሳይሰበር ያውቅ ነበር።»

«እሱ የሚሠራው ሦስተኛ ነበር። በጆሮው አራተኛም ይነካ ነበር» አለች። «ግን የምመዝነው እሱን አይደለም፤ ቤቱን ነው። እሱ ሲሄድ ሥራው አብሮት ከሄደ ቤቱ አልያዘውም ማለት ነው። አንተ እንኳ ወንድሙ ሆነህ አልያዝከውም።»

ተናደድኩባት። እሷም ዓይኗን አላሸሸችም።

«ከክረምት በኋላ እመለሳለሁ» አለች። «መንገዱ ደግሞ ቢዘጋስ? አንተ ብትታመምስ? ያንን ነው የምጠይቅህ።»

ባጃጁ ከሄደ በኋላ ቆሜ ቀረሁ። ንዴቱ ቀስ ብሎ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። በማግስቱ አዲስ ደብተር ገዛሁ።

ከወንድሜ የቀረውን ሁሉ መልቀም ጀመርኩ። ከአባ፣ ከሴቶቹ፣ ከእናቴ። እናቴ አንድ ነገር ነገረችኝ፤ ግራሶ ሲበዛም ኩሽኔታ ይገድላል ብሎ ምሳ ላይ ይቆጣ ነበር አለች። ጻፍኩት። ደብተሩን ሦስት ቦታ ገለበጥኩት። አንዱ ወፍጮ ቤት ነው፤ አንዱ እኛ ቤት። ሦስተኛውን ሲሪንቃ አክስቴ ጋ አስቀመጥኩት። ሦስቱም አንድ ቀን አይቃጠሉም።

ደብተር ብቻ ግን አይበቃም። አባ ማንበብ አይችሉም። ስለዚህ ግድግዳው ላይ አራት ክብ ሳልኩ፤ በእያንዳንዱ ክብ ላይ መስመሩ የሚያርፍበትን ጎን። ከሴቶቹ መካከል ሁለቱ ሐሙስ ከአስር በኋላ እንዲመጡ ለመንኳቸው።

«እህል ሳንይዝ?» አለች አንዷ።

«እህል ሳትይዙ።»

«ውዱእ ልናስደርግ! ባሌ ቢሰማ ምን ይለኛል?»

መጡ። የመጀመሪያው ቀን ቺንጋው እጃቸውን ላጠው፤ ሁለተኛው ቀን ጨርቅ ይዘው መጡ። ዱላውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ስታዳምጥ አንዷ ጮኸች። «ውስጡ ንብ አለ!» ደህና ወፍጮ እንደዚያ ነው የሚለው አልኳት። ንቡ ጥርስ ሲያወጣ ነው መፍራት።

ክረምቱ ሳያበቃ ከሰሜን በኩል የመድፍ ድምፅ እንደገና መሰማት ጀመረ። ሰዎች ከወልድያ ወደ ታች እየወረዱ በእኛ በኩል ያልፉ ነበር። አንድ ቀን መብራት ጠፋ። የሦስተኛው ወፍጮ ኩሽኔታ ገና አልመጣም ነበር። መሐንዲሷም ገና አልመጣችም፤ ትመጣ እንደሆነም አላውቅም።

ሐሙስ ሆነ። ዝናብ ነበር። ማንም ባይመጣ ብቻዬን አዞራለሁ ብዬ ወጣሁ። ስደርስ በሩ ተከፍቷል። አባ ፎጣቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው ቆመዋል። ሁለቱ ሴቶች አንደኛውን ወፍጮ ይዘውታል፤ አንዷ ጮክ ብላ ትቆጥራለች። አንድ ዙር። ከሩብ። አቁሚ።

ሦስተኛውን እኔ ያዝኩ። ከባድ ነው፤ የቆሰለው ኩሽኔታ ውስጥ ውስጡን ያንቋርራል። አንድ ዙር አዞርኩ፤ ሩቡን ጨመርኩ። ነጩ መስመር ወደ ታች ሆነ፤ ወደ ወለሉ፣ ልክ ያን ቀን ባገኘሁት ጎን። እጄ ቺንጋው ላይ ቀረ። ላቃናው ፈለግኩ። አሁንም፣ እያወቅኩ።

«ተወው» አሉ አባ ከኋላዬ። «ከአራቱ ገና ሦስተኛ ሐሙሱ ነው።»

እጄን አነሣሁ። ቀኑን ደብተሩ ላይ ጻፍኩና ከሥሩ ያዞርነውን ሰዎች አራታችንንም መዘገብኩ። ከዚያ በሩን ቆልፈን በዝናቡ ወጣን።